ሲጠብቅ የሚፈታ

ኅዳር ፲፪፣ ሚካኤል። ከጧቱ ፫ ሰዓት

ዛሬም ያው። አባባ ግንቡ ጥግ ፀሐይዋን ይዘው ተቀምጠዋል፣ እኔ ከእግራቸው ሥር ሰሌን ላይ። ቀለሙ ቀጥኗል፣ ውሃ አብዝቼበታለሁ። እስካሁን ሁለት አቤቱታ። አንዱ የድንበር፣ አንዱ የጠፋች በቅሎ። የበቅሎዋ ባለቤት ስለ ጠባይዋ ግማሽ ገጽ ካልተጻፈልኝ ብሎ አስቸገረ። አባባ መቁጠሪያቸውን አንሥተው አሳዩት። ግማሹን ገጽ ተወው።

አንቺ ደብተር ይህን ገና አታውቂም። ከጣልያን ሱቅ ከመጣሽ ሳምንትሽ ነው፤ ሆድሽ ሁሉ ካሬ ካሬ፣ ለሒሳብ የተሠራሽ። ስለዚህ ልንገርሽ። አባባ የቅኔ መምህር ነበሩ። ዓይናቸው ከጠፋ አምስት ዓመት፣ ተማሪዎቻቸው በጦርነቱ ከተበተኑ ሦስት። የቀረሁት እኔ ነኝ፣ ልጃቸው አስካለ። ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ፊደሉን ለእኔ አወረሱኝ። አሁን ለአገሩ ሰው አቤቱታ እንጽፋለን። እኔ እጽፋለሁ፣ እሳቸው ይቆርጣሉ። ሳነብላቸው በእያንዳንዱ ቃል አንድ የመቁጠሪያ ፍሬ ያሳልፋሉ። ፍሬው አርባ አንድ ነው። አርባ አንደኛው ላይ ነገሩ ካላለቀ እንደገና። ሥራ ፈት ቃል ሲሰሙ ፍሬዋን አያሳልፏትም፤ በሁለት ጣት ይዘው ይጠብቁኛል። እኔ እሰርዛለሁ።

ጧት ጭጋጉ ከወገራ ወርዶ ግንቡን ውጦት ነበር። የሚታየው ጫፉ ብቻ፣ ከሥሩ ምንም የሌለው። እውነት ምንም ባይኖረውስ እያልኩ ብዙ አየሁት። አባባ ምነው ዝም አልሽ አሉኝ። ምንም አልኩ።

ያው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ሴት መጣች። ወ/ሮ ትርንጎ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ፣ አንድ ቀን ተኩል በእግሯ። ባሏ ታከለ እዚሁ ጎንደር ታስሯል። በጥቅምት መድኃኔ ዓለም ዕለት ቤትህ ሽፍታ አብልተሃል ተባለ። ሰውየው ግን በዚያ ዕለት ቤቱ አልነበረም። ማር ሊሸጥ ጎንደር ወርዷል፣ አድሯል። ከተማው በር ላይ የጣልያን ዘበኛ ስሙን ከነአባቱ ከነአያቱ ጠይቆ መዝገብ ላይ አስፍሮታል። ማግስቱን ወጥቶ፣ ቤቱ ሲደርስ አያቴን ምን ሊያደርጉት ነው እያለ ሲስቅ ነበር። በገባ በሦስተኛው ቀን መጥተው ወሰዱት።

እስረኞቹ ከታኅሣሥ ገብርኤል በኋላ በማኪና ወደ ምጽዋ ይጫናሉ ይባላል። ከዚያ የተመለሰ አላየንም። ከዚያ በፊት መውጣት አለበት።

አባባ ከተደገፉበት ቀና አሉ። ይህ ነገር አጥንት አለው አሉ። አጥንት የሚሉት ማስረጃን ነው። የከሰሰ ሰው በገዛ መዝገቡ ሲመሰክር ሌላ ምስክር አያሻም አሉ። ደስ ብሏቸዋል። እንዲህ ደስ ሲላቸው ካየሁ ቆይቻለሁ።

ኅዳር ፲፬። ከጧቱ ፬ ሰዓት

ወ/ሮ ትርንጎ ሁሉም ይጻፍልኝ ትላለች። የልጆቹ ስም፣ የበሬዎቹ ስም፣ የገብሱ ነገር፣ የወሰዱት ቀን ዝናብ መጣሉ። በኅዳር ዝናብ አይጥልም ነበር፣ ዘንድሮ ጣለ፣ እሱም ይጻፍ። ሁሉንም ጻፍኩ። ሦስት ገጽ። ከዚያ አባባ መቁጠሪያውን አነሡ፣ ከሰላምታው ጀመርን። ሰላምታው ብቻ ሃያ ሁለት ፍሬ ፈጀ። ሙሉው ሄደ። ዝናቡ ሄደ። ትርንጎ እያንዳንዱ ሲሰረዝ ነጠላዋን ወደ አፏ ትወስዳለች። የበሬዎቹ ስም ላይ ለምናን ነበር፤ ዳልቻና ቡሬ። እሱም ሄደ።

የቀረው ሦስት ነገር፦ የተባለው ምንድን ነው፣ ሰውየው የት ነበር፣ ማን ያውቃል። አንዱ ሌላውን ይዞ ቆሟል። አንዱን ብታነሺ ሁለቱ ይወድቃሉ። አባባ ይህን ሲያስተምሩ ድምፃቸው ይለወጣል፣ የድሮውን ጉባኤ የሚያዩ ይመስላሉ።

የተሰረዙት ቃላት የት ይሄዳሉ? ዛሬ ቀኑን ሙሉ ይህን ሳስብ ዋልኩ። ዳልቻና ቡሬ ከወረቀቱ ወጥተው ቁስቋም ዳገት ላይ ሲግጡ ይታየኛል፤ ማንም አልፈለጋቸውም፣ ደህና ናቸው።

ኅዳር ፲፯። ረፋድ

ወረቀቱ ተመለሰ። የጣልያኑ ሹም አስተርጓሚ አቶ ኪዳኔ ራሳቸው ይዘው መጡ። ክፉ ሰው አይደሉም። ከመረብ ማዶ ናቸው፤ አማርኛቸው ጥሩ፣ ቸኳይ። አባባን የኔታ ብለው እጅ ነሥተው፣ ይህ አይሆንም አሉ። ሹሙ አቤቱታ የሚሰማው አንድ ሲጋራ እስኪያልቅ ነው። ሲጋራው ሳያልቅ መሥሪያ ቤትህ ተሳስቷል፣ መዝገብህን ግለጥ ከተባለ ይቆጣል። ሲቆጣ አስተርጓሚውንም ጸሐፊውንም ይጨምራል። ክርክር ተዉ፣ ምሕረት ለምኑ፣ ልጆች በሉ፣ አዝመራ በሉ፣ ጨርሱ። ይህን ብለው ሄዱ።

አባባ ተቆጡ። ሳይበድል ምን ምሕረት አሉ። ትርንጎ ግን እግራቸው ላይ ወደቀች። የኔታ፣ እነሱ የሚሹትን ይጻፉልኝ፣ እኔ የምሻው እሱን ነው አለች። አባባ እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ፤ ቁረጪ ማለት ነው። አጥንቱን እኔው በእጄ አወጣሁት።

የቀረው ይኸው፦ ባሌ ታከለ ታስሮ ከቤት ከወጣ ግማሽ ወር ሆነው። ልጆቹ አባት አጡ። ገብሱ ያለ አጫጅ ቆሟል። እንዲፈታ እለምናለሁ።

ዐሥራ ሰባት ፍሬ። አባባ እንዲህ አጭር ጽፈሽ አታውቂም አሉኝ። ምስጋና ይሁን ኀዘን ከድምፃቸው አልለየሁም።

ኅዳር ፲፰። ከሰዓት በኋላ

አባባ ተኝተዋል። ንጹሑን እየገለበጥኩ ነው። አዲስ ቀለም፣ ጥቁር፣ የሚያበራ።

“ታስሮ” የምትለዋን ቃል ብዙ አየኋት። ምን ትሠራለች? እንዲፈታ ካልኩ መታሰሩ ይታወቃል። ያልታሰረ አይፈታም። አባባ ነቅተው ቢሆን ይህችን ፍሬ በሁለት ጣታቸው ይይዟት ነበር። ተውኳት። ዐሥራ ስድስት።

አነበብኩት። የሚንሳፈፍ መሰለኝ። ከዚህ በኋላ ወጥቼ ቁስቋም ድረስ ሄድኩ፣ እግሬ መሬት የነካ አይመስለኝም። ሣሩ ቢጫ ሆኗል። ከታች ፒያሳ ጣልያኖቹ ድንጋይ ሲያስፈልጡ ድምፁ ይመጣል፣ ከሩቅ ሲሰማ ያምራል። አንድ ቀን አንድ ቃል ብቻ የሆነ አቤቱታ እጽፋለሁ አልኩ ለራሴ። ሹሙ ያያል፣ ይገባዋል፣ በሩ ይከፈታል።

ለአባባ አልነገርኩም። ስጨርሰው እነግራለሁ ብዬ ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ለእኔ ብቻ እንዲሆን ፈልጌ ነው።

ኅዳር ፳፭። ከጧቱ ፬ ሰዓት

መልስ መጣ። ትርንጎ እየሮጠች ይዛ መጣች፤ ትልቅ ማኅተም፣ ከላይ ጣልያንኛ፣ ከሥር አቶ ኪ. በአማርኛ የጻፉት። እንዳነብላት ቁጢጥ ብላ ጠበቀች።

አነበብኩ። ድጋሚ አነበብኩ። ሦስተኛ።

የባልና ሚስት ጉዳይ ነውና በደብሩ ሽማግሎች ይታይ ይላል። ቤቱን ጥሎ የጠፋው ታከለ የሚባለው ባል ካለበት ተፈልጎ ይቅረብ። ቢሻው ይታረቅ፣ ባይሻው ይፍታ።

ዐሥራ ስድስቱን ቃል በልቤ ጠራሁ። ባሌ ታከለ ከቤት ከወጣ ግማሽ ወር ሆነው። እንዲፈታ እለምናለሁ።

አየሽ ደብተር? “እንዲፈታ” ሲጠብቅ ከእስር መውጣት ነው። ሲላላ ሚስት መፍታት ነው። አፍ ይለያቸዋል፣ ፊደል አይለያቸውም። “ታስሮ” ብትኖር ሰው ሁሉ አጥብቆ ያነብ ነበር። እሷን ሳወጣ ላላ፤ ቸኳዩ አቶ ኪ. ከክምሩ መሃል የማን እንደሆነ ሳያስተውሉ አላልተው አነበቡት። ለሹሙ ትርንጎ ባሏ ጥሏት የጠፋ፣ ፍቺ የምትለምን ሴት ሆነች። የገዛ እስረኛቸውን በአገሩ ሊያስፈልጉት ነው።

ለትርንጎ ማኅተሙ አልደረቀም፣ ነገ ነይ አልኳት። ዋሸኋት። ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች፣ እ/ር ይስጥሽ አለችኝ።

ኅዳር ፳፮። ጧት

ለአባባ ነገርኳቸው። አንድ ፍሬ ለመቆጠብ፣ እሳቸው ተኝተው ሳሉ፣ ሳልነግራቸው “ታስሮ”ን ማውጣቴን። ሁሉንም። አለቀስኩ። ይምቱኝ ብዬ ጠበቅኩ፣ ልጅ ሳለሁም መትተውኝ አያውቁም።

ከዚያ ቃሉን ለራሳቸው ሁለት ጊዜ አሉት፣ አንዴ አጥብቀው አንዴ አላልተው። ቅኔ ቢሆን እሸልምሽ ነበር አሉ። ቅኔ ውስጥ ሁለት ፍች ጌጥ ነው፣ አቤቱታ ውስጥ ወጥመድ ነው። ቀጥለውም፣ ጥፋቱ ካንቺ አልጀመረም፣ አጥንቱን ያስወጣሁሽ እኔ ነኝ አሉ። መዝገቡ ተጽፎ ቢሆን አንድ ቃል ብትጎድልም ነገሩ ይቆም ነበር። ይህን ሲሉ መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ያ ከሁሉ ከፋኝ።

ረፋዱ ላይ ትርንጎ መጣች። እሷም ትወቅ ብዬ ነገርኳት። መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ሳቀች። ከመጣች ስትስቅ አላየሁም ነበር፣ ጥርሷ ፍንጭት ነው። ታዲያ ሸጋ አይደለም ወይ አለች። ይጥሩት፣ ከእስር አውጥተው ያምጡት፣ ይፍታኝ፣ ከዚያ መንገድ ላይ መልሶ ያግባኝ። በሰማንያ ነው የተጋባነው፣ በቁርባን አይደለም።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። አይደለም።

ኅዳር ፳፱። ከሰዓት በኋላ

የሽማግሎቹን አለቃ አነጋገርን። ነገሩ ወዲያው ገባቸው፤ እኒህ ደግሞ የአባባ የድሮ ተማሪ ናቸው። “ካለበት ይቅረብ” በሚለው ማኅተም ታከለን ከእስር ቤት ያስጠሩታል፤ ፊታቸው ቆሞ እሺ ብቻ ይበል። እሳቸው “ታከለ እንዲፈታ ተስማምተናል” ብለው ይጽፋሉ፣ ያትማሉ። ለሹሙ ላልቶ ይነበባል፣ ለእስር ቤቱ ዘበኛ ጠብቆ ይነበባል። የኔ ስሕተት በር ሆነ። ደስ አለኝ፣ ከደስታዬም አፈርኩ።

አባባ አይሆንም አሉ። ሐሰት ላይ የቆመ ነገር ነው፣ አንድ ሰው ጠይቆ ያጣራው ቀን ይወድቃል አሉ። ትርንጎ የታኅሣሥ ገብርኤልን አስታወሰቻቸው። ቀኑ ሃያ ብቻ ቀርቶታል። እንደፈለጋችሁ፣ እኔ ግን ይህን አልቆጥርም አሉ።

ታኅሣሥ ፭፣ አቦ። ጧት

ታከለ ሳያውቅ ከቀረበ ሚስቴ ከዳችኝ ይላል። ማስታወቅ አለብን። ትርንጎ ስንቅ ስታቀብል ዘበኛው አንድ ቃል፣ ሁለት ቃል ይፈቅድላታል፣ ከዚያ ዞር በይ ነው። እንግዲህ በሁለት ቃል።

ቀኑን ሙሉ አሰብኩ። መጣልኝ፦ ፍታኝ፣ ትፈታለህ።

ትርንጎን አለማመድኳት። ሁለተኛዋን አጥብቂ፣ ካላጠበቅሽ ስድብ ይሆናል። ሰሌኑ ላይ ተቀምጠን እኔ ዘበኛ፣ እሷ ትርንጎ፣ አገልግሉ በመሃል። ፍታኝ፣ ትፈታለህ። ፍታኝ፣ ትፈታለህ። አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ። መጨረሻ ላይ ቃሉ ትርጉሙን ጥሎ ዜማ ብቻ ሆነ፣ ሁለታችንም ራሳችንን እየወዘወዝን። አባባ ፊታቸውን አዙረው ተቀምጠዋል። ግን ሰምተዋል፣ ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ይመታ ነበር።

ታኅሣሥ ፮

አለችው። ሰማ ትላለች። ዘበኛው ሳቀ፣ የባልና ሚስት ጠብ መስሎት። ታከለ አልሳቀም፣ አገልግሉን ተቀብሎ ቆሞ ቀረ። ከሳ ወይ አልኳት። ጢሙ አድጓል አለች፣ ሌላ አላለችም።

ታኅሣሥ ፲፪፣ ሚካኤል። ከሰዓት በኋላ

ቀስ ብዬ ልጻፍ።

ደብሩ ቅጥር ግቢ፣ ጥድ ሥር። ሽማግሎቹ አምስት። አባባ ከእነሱ ጋር ተቀመጡ። እኔ ቃል ጸሐፊ፤ ሌላ የሚጽፍ ስለሌለ ሴትነቴን አለፉት። ታከለን ሁለት አስካሪ፣ የጣልያን ወታደሮች፣ አመጡት። ረጅም ነው፣ ቆሞ ሲያዳምጥ ጎንበስ ይላል። ትርንጎን አንዴ አያት፣ ከዚያ መሬቱን። የጥዱ ጥላ ፊቱ ላይ ይሄድ ይመጣል። ይህ ሁሉ ከውሃ ሥር የሆነ መሰለኝ፣ ድምፅ ሁሉ ዘግይቶ ይደርሰኛል።

አለቃው ጠየቁ። ሚስትህ ቤትህን ጥለህ ሄድክ ትላለች፣ ትፈታለህ ወይ? ጥያቄው ሲወጣ በጆሮዬ ነው የመዘንኩት። አላልተው ነው ያሉት፣ እንደ ተነጋገርነው፣ አስካሪዎቹ ስላሉ። እሺ በል አልኩ በልቤ። አንዲት ቃል። ያቺ የተመኘኋት የአንድ ቃል አቤቱታ።

“አልፈታም” አለ።

አለቃው እንዳልሰማ ሰው ድጋሚ ጠየቁ። ትርንጎ አንገቷን ነቀነቀችለት፣ ነጠላዋ ወደቀ። አያት። አያ ታከለ፣ የነገርኩህ አልገባህም ወይ አለችው፣ ቀስ ብላ። ገብቶኛል አለ። ከምጽዋም ቢሆን መንገድ አለ፤ ትርንጎን በሰው ፊት ፈታሁ ያልኩ ቀን ግን የምመለስበት የለኝም። አልፈታም፣ ጻፉት።

ጻፍኩት። ግዴታዬ ነው። ታከለ አልፈታም አለ። ከአፉ ላልቶ ነው የወጣው፣ ሚስቴን አልፈታም ነው። ወረቀቱ ላይ ግን ሌላውም አለ፤ ከእስር አልፈታም። በገዛ እጄ ጻፍኩት፣ በዚያ በሚያበራው ቀለም።

ወሰዱት። ትርንጎ አላለቀሰችም። መንገዱን እያየች ነጠላዋን አነሣች፣ አራገፈች። አይ ያ ሰው አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ጥዱ አዙራ ቆመች። እኔ ግን አለቀስኩ። ለማን እንደሆነ አላውቅም፣ እንዲህ አልፈታም የሚለኝ ሰው ስለሌለኝም ይሆናል። ይህን አንቺ ብቻ እወቂ።

ታኅሣሥ ፲፫። ከጧቱ ፪ ሰዓት

ጭጋግ። ግንቡ የለም፣ ጫፉም የለም።

አባባ ከእኔ ቀድመው ተነሥተዋል። መቁጠሪያው እጃቸው ላይ ነው። ያ ገበሬ ከሁላችንም የተሻለ መምህር ነው አሉ። አንዲት ቃል አለ፣ ሐሰት የለባትም፣ የሚቆረጥ የለባትም። ከዚያ ጻፊ አሉኝ።

ጻፍኩ። ከመጀመሪያው፣ አጥንቱን መልሼ።

ባሌ ታከለ ታስሯል። በጥቅምት መድኃኔ ዓለም ዕለት ወገራ ላይ ሽፍታ አበላህ ተብሎ ነው። በዚያ ዕለት ግን ጎንደር ነበረ፤ ጧት ገብቶ ማግስቱን ወጣ። ስሙን የጻፈው የእርስዎ የበር ዘበኛ ነው። መዝገቡ ይታይ። ሐሰት ከሆነ እኔም ልታሰር፤ እውነት ከሆነ ከእስር ይፈታ።

“እኔም ልታሰር” ያለችው ትርንጎ ናት። ሥራ ፈት ቃል መስሎኝ አባባን አየሁ። ፍሬዋን አሳለፉ።

ሠላሳ ስምንት። “ይፈታ” አልኩ እንጂ “እንዲፈታ” አላልኩም፤ ሚስቱን ቢሆን “ይፍታ” ይባል ነበር፣ አንዲት ፊደል በሩን ዘጋችው። ሦስት ፍሬ ተረፈ። ምን ልጨምር አልኳቸው። ተያቸው፣ መተንፈሻ ናቸው አሉ።

፬ ሰዓት

አቶ ኪ. ወረቀቱን አይተው መለሱት። ይህን እኔ አላነብም አሉ፣ ልጆች አሉኝ። አልተቀየምኳቸውም። መዝገብህ ይታይ የሚለውን የተናገረ ሰው ምን እንደሚሆን ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ። ግን አንድ ነገር ነገሩኝ፣ ወደ ግንቡ እያዩ፦ አመልካች ራሱ ካነበበ እሳቸው ያለውን ቃል በቃል የመተርጎም ግዴታ አለባቸው። ትርንጎ ማንበብ አትችልም። ስለ እሷ ሆኖ የሚያነብ ግን ይገባል፣ ሴትም ቢሆን። የሚቀጥለው የአቤቱታ ቀን መቼ ነው አልኳቸው። ነገ አሉ፣ ከገብርኤል በፊት የመጨረሻው።

ያው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ጭጋጉ ተነሣ። ግንቡ ከነሥሩ አለ፤ ድንጋይ ነው፣ ሣር በቅሎበታል። ትርንጎ ነጠላዬን አጥባ አሰጣችልኝ። አባባ አንዴ አስነበቡኝ፣ ሁለተኛ አላሉም። ፈራሽ ወይ አሉኝ። አዎ አልኩ።

ነገ ሲጋራው ሲለኮስ እጀምራለሁ። አስተርጓሚው አያነብም፣ ወረቀቱ አያነብም፣ እኔ አነባለሁ። አጥብቄ።